ልክ የሚሆን ልብስና ጫማ ፍለጋ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

እግሬ 41 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሴት ጫማ ቤት ገብታ «41 አላችሁ?» ብላ የጠየቀች ሴት የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። ሻጩ መጀመሪያ እግሬን ያያል። ቀጥሎ ፊቴን ያያል። ከዚያ «40 አለ፤ ግን ትልቅ 40 ነው» ይላል። ይህን «ትልቅ 40» እየገዛሁ ለዓመታት ተረከዜ ሲላጥ ኖረ። አንድ ቀን ግን ከልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ሜትር ተውሼ እግሬን ለካሁ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ ሊገበዩ ሲወጡ እኔን ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ቁጥሬ 39 ነው። አንዱ ሱቅ 39 ይጠበኛል፣ ሌላው ጋ ይሰፋኛል። ቁጥሩ ይዋሻል እንዴ?

አይዋሽም። ግን የሚለካው የእናንተን እግር አይደለም። ጫማ ሰሪ ቆዳውን የሚወጥረው ፎርማ በሚባል የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ ነው። የአውሮፓው ቁጥር የሚቆጥረው የዚህን ፎርማ ርዝመት ነው። አንዱ ቁጥር የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ወደ 6.7 ሚሊሜትር ገደማ። ስለዚህ 39 ማለት 26 ሴንቲሜትር የሚሆን ፎርማ ማለት ነው። እግር ደግሞ መንቀሳቀሻ ቦታ ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ተመችቶት የሚገባው እግር 24 ወይም 24 ተኩል ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለመንቀሳቀሻ ስንት ይተው የሚለውን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ይወስናል። ሹል ጫማ ከፊት ማንም ጣት የማይደርስበት ባዶ ቦታ አለው። ስፋቱን ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይናገርም። ሁለት 39 ጫማዎች በርዝመት እኩል ሆነው አንዱ እንደ ጀልባ ሌላው እንደ ቱቦ ሊሆኑ ይችላሉ።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥር በሌላ መንገድ ይሄዳል። እዚያ አንዱ ቁጥር የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 8.5 ሚሊሜትር ነው። እርምጃው ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቁጥር ያስፈልጋል። 8 ተኩል፣ 9 ተኩል የምትሉት ለዚህ ነው። የሁለቱ መነሻም አንድ አይደለም። አሜሪካ 9 የተባለ የወንድ ጫማ እንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ 8 ይባላል፤ በአውሮፓ 42 አካባቢ ይሆናል።

እሺ፣ እግሬን እንዴት ልለካ?

ወረቀት ወለል ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ ግድግዳ አስነኩት። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ቁሙበት። ተቀምጣችሁ አትለኩ። ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ጎኑም ይሰፋል። የረዘመችው ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። የረዘመችው ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለችም፤ የብዙ ሰው ሁለተኛዋ ትቀድማለች። ከግድግዳው እስከ ምልክቱ በሜትር ለኩ። ከዚያ ስፋቱን፦ ከአውራ ጣት ሥር ወጣ ካለው አጥንት እስከ ትንሿ ጣት ሥር።

ሁለቱንም እግር ለኩ። የእኔ ግራ 25.7 ነው፣ ቀኙ 25.3። የሚገዛው ለትልቁ ነው። ለትንሹ ሶል ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ምንጣፍ ይጨመርለታል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የቆመ ወይም የሄደ እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ጠዋት በ3 ሰዓት ልክ የሆነ ጫማ ማታ በ12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ያስለቅሳል። ስለዚህ ለመለካትም ለመግዛትም ከሰዓት በኋላ ውጡ።

ወደ አውሮፓ ቁጥር ለመለወጥ ርዝመቱ ላይ 1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ጨምሩ፤ ከዚያ በ1.5 አባዙ። እግራችሁ 25 ሴንቲሜትር ከሆነ 40 አካባቢ ትመጣላችሁ። መነሻ ይሆናችኋል፤ መሞከሩ ግን አይቀርም። ደግሞ አንዴ ለክታችሁ ለዘላለም አትተዉት። ዕድሜ እግርን ያሰፋል። እርግዝናም እንዲሁ፤ ከወለዱ በኋላ አንድ ቁጥር ጨምረው የቀሩ ስንት ጓደኞች አሉኝ።

ሻጩ «አይዞሽ እህቴ፣ ሲጫሙት ይሰፋል» አለኝ። ልመነው?

በግማሽ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ በስፋቱ ትንሽ ይላላል፣ የእግራችሁንም ቅርጽ ይይዛል። በርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጣታችሁ ፊቱን ከነካ ነገም ይነካል፤ የከርሞ ሰው ይበላችሁ። ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በየትም በኩል አይሰፋም። ሲሰነጠቅ ብቻ ነው የሚላላው።

ቆዳ መሆኑን ለማሳየት ላይተር የሚለኩሱ ሻጮች አሉ። ትዕይንቱ ያምራል፤ ግን አትደነቁበት። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለው ሥጋ መሳይ ነገር ይታያል። ፕላስቲክ ከሆነ ከላይ ስስ ልባስ፣ ከታች ጨርቅ ታገኛላችሁ። በጣታችሁ ጫን ስትሉትም ቆዳ ያልተስተካከለ ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣል። አፍንጫችሁም አይሳሳትም።

የኛ ሀገር የደጋ በግ ቆዳ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ይፈለጋል። ለጫማ ግን ይህ ልስላሴ ሁለት ስለት አለው፤ ይመቻል፣ ቶሎም ይላላል። በግ ቆዳ ከሆነ ስትገዙት ጠበብ ቢል ግድ የለም። ጠንካራ የበሬ ቆዳ ከሆነ ገና ሱቅ ውስጥ ሊመቻችሁ ይገባል። ገዝታችሁ ከጠበባችሁ ደግሞ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ፎርማ ላይ አስወጥሩት። በርዝመቱ አትጠብቁ እንጂ ጎኑ ይተነፍሳል።

ሱቅ ውስጥ ስሞክር ምን ልይ?

ሁለቱንም አጥልቁ። አንዱን ብቻ ሞክሮ መሄድ የኛ ሰው ትልቅ በሽታ ነው። ተቀምጣችሁ ሳይሆን ቆማችሁ እዩት። ከፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። ተረከዙ ስትራመዱ አይውጣ። ሻጩ ሶሉ እንዳይቆሽሽ ካርቶን ያነጥፋል፤ ልክ ነው፣ ንብረቱ ነው። ግን ካርቶን ላይ ሁለት እርምጃ ምንም አይነግራችሁም። ሌላ ካርቶን ጨምሩልኝ በሉና አሥር እርምጃ ሂዱ።

ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችሁ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ለእግራችሁ ምንም ድጋፍ የለውም። እጃችሁን ውስጥ አስገብታችሁ ስፌትና ሚስማር ዳስሱ። ካልሲ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ የሚሰጣችሁ ስስ ናይለን ካልሲ ያታልላል፣ ስንት እግር እንደገባበትም አይታወቅም።

ስኳር ሕመም ያለበት ቤተሰብ ካላችሁ እዚህ ላይ አትቀልዱ። ስኳር የእግርን ስሜት ሊቀንስ ይችላል፤ ጫማው ሲልጣቸው አይሰማቸውም። ለእነሱ «አልቆረቆረኝም» ማስረጃ አይሆንም። በመለኪያና በዓይን ነው የሚገዛላቸው፤ ከመጫማታቸው በፊትም በየቀኑ ውስጡን በእጅ መፈተሽ አለባቸው።

መሞከሪያ ክፍል የሌለበት ቦታ ሱሪ እንዴት ልግዛ?

መርካቶ ውስጥ ሰው አንገቱ ላይ ሱሪ ጠምጥሞ አይታችሁ ይሆናል። ስካርፍ አይደለም። የተቆለፈው የሱሪ ወገብ አንገት ላይ ዞሮ ጫፍ ለጫፍ ከተገናኘ ወገብ ላይ ልክ ይሆናል የሚባል ነገር አለ። ወገብ የአንገት ሁለት እጥፍ ነው ከሚል የመጣ ነው። ለብዙ ሰው ይሠራል። ቦርጭ ላበጀ ሰው ግን አይሠራም፤ አንገት ከሆድ ጋር እኩል አይወፍርምና።

ከዚህ የሚሻለው እቤት ያለውን የሚመቻችሁን ሱሪ መለካት ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ወገቡን ከጎን እስከ ጎን፣ ከዚያ ዳሌውን፣ ከዚያ ጭኑን፣ ከዚያ የውስጥ እግሩን ርዝመት፣ መጨረሻ ከወገቡ ፊት እስከ መቀመጫው ስፌት ያለውን ለኩ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ወገቡ ልክ የሆነ ሱሪ ስትቀመጡ የሚጨንቀው እዚያ ጋ ስላጠረ ነው። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ሻጭ ፊት ሜትር ስታወጡ «ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ?» ትባላላችሁ። አዎ ብትሉ ዋጋ ሁሉ ይቀንሳል። እኔ ሁለቴ ተሳክቶልኛል።

ልብሱ ላይ 170/88 እና «ኤ» የሚል ተጽፎበታል። ምን ማለት ነው?

የቻይና መለኪያ ነው። 170 የለባሹ ቁመት በሴንቲሜትር ነው። 88 የደረት ዙሪያ ነው፤ ሱሪ ላይ ከሆነ የወገብ። ፊደሏ የሰውነት ዓይነት ናት፦ «ዋይ» ደረቱ ሰፍቶ ወገቡ ለቀጠነ፣ «ኤ» ለመካከለኛ፣ «ቢ» እና «ሲ» ወገባቸው ሞላ ላለ። እኔ ይህን መለኪያ እወደዋለሁ። ከ«ላርጅ» እና «ኤክስ ላርጅ» ይልቅ እውነት ይናገራል። የእስያ «ላርጅ» የአሜሪካ «ሚዲየም» ወይም ከዚያም ሊያንስ ይችላል፤ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ተሰቅለው ታገኟቸዋላችሁ።

ጅንስ ላይ ያለው 32/34 ደግሞ በኢንች ነው። የፊተኛው ወገብ፣ የኋለኛው የውስጥ እግር ርዝመት። 32 ኢንች 81 ሴንቲሜትር ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ግን ገዢው ቀጠንኩ ብሎ ደስ እንዲለው 32 የሚል ጽፈው ሰፋ አድርገው ይሰፉታል። ደስታውን ተቀበሉ፤ ሜትሩን ግን አትተዉ።

ልብሱን ወድጄዋለሁ፤ ልኬ ግን አይደለም። ገዝቼ ላስተካክለው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን ነው የምወደው። እኛ ጋ ያለውን ዕድል ብዙ ሀገር ያለ ሰው አያገኘውም። ሱቁ በር ላይ ወይም ሁለት በር አለፍ ብሎ ሲንጀር የዘረጋ ልብስ ሰፊ አለ። ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ሱሪው አጥሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ «ልክ የሆነውን» ብቻ መፈለግ ሞኝነት ነው። «ሊስተካከል የሚችለውን» ፈልጉ።

መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ኮት፣ ጃኬት፣ ሸሚዝ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። የትከሻው ስፌት ከትከሻችሁ አጥንት ጫፍ ጋር ካልገጠመ መልሱት። ትከሻ ማስተካከል እጅጌውን ነቅሎ፣ ገበሩን ፈትቶ፣ እንደገና መስፋት ነው፤ ጎበዝ ሰፊም ይፈራዋል። ጎኑ ቢሰፋ ግን ይጠባል። ሱሪ ቢረዝም ያጥራል። ወገቡ ቢሰፋ ከኋላ ይሰበሰባል። ኮት እጅጌው ላይ እውነተኛ የቁልፍ ቀዳዳ ካለው ማሳጠሩ ይከብዳል። ቁልፉ ለጌጥ ብቻ ከተሰፋ ቀላል ነው።

ማጥበብ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማስፋት ግን ትርፍ ጨርቅ ሲኖር ብቻ ነው። ልብሱን ገልብጡና ስፌቱ ዳር ያለውን ትርፍ እዩ። ጥሩ የወንድ ሱሪ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ይተውለታል። ርካሽ ልብስ ላይ ግን ጨርቁ ተቆጥቦ ስፌቱ ጫፍ ላይ ነው የሚያልፈው። እሱ ከጠበባችሁ ለታናሽ እህት ነው።

ሰፊ ዘንድ ስትሄዱ ከልብሱ ጋር የምትለብሱትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። ሱሪ በነጠላ ጫማ ተለክቶ በታኮ ሲለበስ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። አዲስ ጅንስና ጥጥ ሱሪ ደግሞ መጀመሪያ አንዴ ይታጠብ፤ ከተሰበሰበ በኋላ አሳጥሩት። «ትርፉን አትቁረጠው፣ እጠፈው» በሉ። እኔ ይህን ሳልል ቀርቼ አንድ ሰፊ የሱፍ ሱሪዬን አራት ጣት አሳጥሮ ቆርጦ ጣለልኝ። «እህቴ፣ ፋሽን እኮ ነው» አለኝ። በ2011 ዓ.ም. ፋሽን አልነበረም።

ሰልባጅ መግዛት ያዋጣል?

ለልብስ አዎ፣ ለጫማ አይመስለኝም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ክልክል ቢሆንም ገበያው ውስጥ እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ልብሱ ከመቶ ጊዜ በላይ ታጥቦ ሊሆን ይችላል። መሰብሰብ ያለበት ተሰብስቧል፣ ቀለሙ መልቀቅ ያለበት ለቋል። ዛሬ ልክ የሆነ ነገም ልክ ነው። አዲስ ልብስ ይህን ዋስትና አይሰጥም። ብብቱን፣ የሱሪውን መቀመጫ፣ ዚፑን እዩ። ወደ ብርሃን ዘርጉት፤ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። ከመልበሳችሁ በፊት በፈላ ውሃ ማጠብና መተኮስ ግዴታ ነው።

ጫማ ግን የሌላ ሰው እግር አሻራ ነው። ሶሉ የተበላው በእሱ አረማመድ ነው፣ ውስጡ የጎደጎደው በእሱ ጣት ልክ ነው። እናንተ ስታደርጉት ጉልበታችሁ ይነግራችኋል።

የሐበሻ ቀሚስ ሁልጊዜ ብብት ላይ ይይዘኛል፤ አንገቱም ያሳክከኛል። ምን ላድርግ?

በእጅ የተሸመነ ጥጥ እንደ ቲሸርት አይሳብም። ቲሸርት ሹራብ በሚሠራበት ዘዴ የተሠራ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ሽመና ግን ድርና ማግ ነው። ስለዚህ ልክ ስታስወስዱ እጃችሁን ሰቅላችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ እስክስታ የምትሞክሩ ይመስል ትከሻችሁን አወዛውዛችሁ ተለኩ። ቆማችሁ እንደ ወታደር ብቻ ከተለካችሁ ሠርግ ቤት እጃችሁን ማንሳት ያቅታችኋል። ብብት ሥር ትርፍ እንዲተውላችሁ ጠይቁ።

የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ ጥበቡ ነው። የሚያብረቀርቀው ክር ከአንገት ቆዳ ጋር ሲፋተግ ይቧጭራል። ከጥበቡ ሥር ስስ የጥጥ ገበር አስደርጉበት። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሰፊዎች ስትጠይቋቸው ያደርጉታል፤ ካልጠየቃችኋቸው ግን አያደርጉትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለፋሲካ የሚለበስ ቀሚስ የምናሰፋው ሁዳዴ ላይ ነው። 55 ቀን ጾመን፣ ወገባችን ቀጥኖ እንለካለን። ከዚያ በዓሉ ዕለት ዶሮ ወጥ ከነቅቤው ይመጣል። ሁለት ሴንቲሜትር ትርፍ ጠይቁ።

የቴሌግራም ሱቅ ላይ አይቼ ባዝዝስ?

እኔም አዛለሁ። ቦሌ ድረስ ለመሄድ በሚባክነው ሰዓትና ትራንስፖርት ሲታይ ያዋጣል። ግን «39 አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የውስጡ ምንጣፍ ርዝመት በሴንቲሜትር ስንት ነው? ለክታችሁ ፎቶ ላኩልኝ» በሉ። የማይለካላችሁ ሱቅ ዕቃው እጁ ላይ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው። የሚለካላችሁን ግን አጥብቃችሁ ያዙት።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ «ቀድመሽ ላኪ» የሚሉ ሱቆች በዝተዋል። እኔ ካላወቅኩት ሱቅ ዕቃው እጄ ሲገባና ስሞክረው ነው የምከፍለው። ሞተረኛውን አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ ብትሉት ይጠብቃል። ሙቀት ከሆነ ውሃ ስጡት።

አሜሪካ ያለች እህቴ «ቁጥርሽን ላኪ፣ ጫማ ልግዛልሽ» አለችኝ።

እግርን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእስክርቢቶ ስሎ መላክ የቆየ ልማዳችን ነው። ወረቀቱ ራሱ ሰው ይዞት ሲሄድ ግሩም ነበር። አሁን ግን ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አንስተን እንልካለን፤ ፎቶ ደግሞ መጠን አያውቅም። የ25 ሴንቲሜትር እግርና የ22 ሴንቲሜትር እግር ስክሪን ላይ አንድ ናቸው። ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲሜትር ጽፋችሁ ላኩ።

እህትሽን ደግሞ አንድ ነገር አስታውሻት። አሜሪካ የወንድና የሴት ቁጥር ይለያያል። የወንድ 7 የሴት 8 ተኩል አካባቢ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ ይህን ሳታውቅ ለባሌ የሴት ቁጥር አስልታ ገዝታ አምጥታለት ነበር። አሁን የሚጫማው ወንድሜ ነው።

ለልጄ ስንት ቁጥር ላስበልጥ? ቶሎ ቶሎ ያድጋል።

ከእግሩ 1 ወይም 1.5 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ይበቃል። «ያድግበታል» ብለን ሁለት ሦስት ቁጥር አስበልጠን እንገዛና ልጁ እንዳይወልቅበት ጣቱን እያጠፈ ይራመዳል፣ ይደናቀፋል። ሊያድግበት ሲደርስ ጫማው አልቋል። የጫማውን ውስጥ ምንጣፍ አውጡና ልጁን ላዩ ላይ አቁሙት። ከጣቱ ፊት የሚተርፈው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ በአውራ ጣት መጫን አያስተማምንም፤ ልጆች ጣታቸውን ወደ ውስጥ ያጥፋሉ። ትንንሾቹን በየሁለት ሦስት ወሩ እዩአቸው። ለመስከረም ትምህርት ቤት የሚሆነውን ደግሞ ሐምሌ ላይ አትግዙ።

ለክት ያስቀመጥኩት ጫማ ገና ሁለቴ ሳልጫማው ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሆነ። ፎርጅድ ነበር?

ላይሆን ይችላል። ብዙ ቀላልና ለስላሳ ሶሎች የሚሠሩት ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። እሱ ከአየር እርጥበት ጋር ቀስ እያለ ይፈርሳል። ካርቶን ውስጥ በላስቲክ ታፍኖ ሲቀመጥ ይብስበታል፤ ሲደረግ ግን የተሻለ ይቆያል። እናቴ ከውጭ የመጣላትን ጫማ ለሠርግ ብላ ስድስት ዓመት ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። ሠርጉ ዕለት አዳራሹ በር ላይ ሶሉ ቀረ። እባካችሁ የክቱን ጫማ በአዘቦትም ተጫሙት።

ኮብልስቶን ላይ በታኮ እንዴት ይኬዳል?

አይኬድም። ቀጭን ታኮ ድንጋዮቹ መሃል ይገባል። ወይ ሰፊ ታኮ፣ ወይ ሥሩ ሙሉ የሆነ፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ስኒከር አድርጎ ታኮውን ፌስታል ውስጥ መያዝ ነው። ክረምት ላይ ሦስተኛው ብቻ።

የገዛሁትን መመለስ እችላለሁ?

ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሶሉ ከተገነጠለ ያ ጉድለት ነው። «ጠበበኝ» ግን ጉድለት አይደለም፤ የእናንተ ነገር ነው። ለዚህ የሚያድናችሁ ከመክፈላችሁ በፊት «ካልሆነኝ ነገ በቁጥር ትቀይርልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ደረሰኝ ያዙ፣ ሶሉን አታቆሽሹ።

ትልቅ እግር ያለን ሴቶችስ የት እንሂድ?

እኅቶቼ፣ ሦስት መንገድ አለን። አንደኛው የወንዶች መደርደሪያ ነው። ስኒከርና የቆዳ ማሰሪያ ጫማ ወንድ ሴት አይልም፤ እንዲያውም ሰፋ ስለሚል ይመቻል። ሁለተኛው ማሰራት ነው። መርካቶ ዙሪያ በትንሽ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ጫማ ሰሪዎች ሞልተዋል። የወደዳችሁትን ሞዴል ፎቶ አሳዩአቸው፣ እግራችሁን አስለኩ፣ የ41 ፎርማ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፎርማው ከሌላቸው ቀብድ አትስጡ፤ 40 ላይ ቆዳ ለጥፈው ያሰፉታል፣ ቅርጹ ይበላሻል። ሦስተኛው ደንበኛ መያዝ ነው።

ደንበኛ ሱቅ እንዴት ይያዛል?

በመግዛት ብቻ አይደለም። የኔን ደንበኛ ያገኘሁት ባልገዛሁበት ቀን ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። 41 ጠየቅኩት። «የለኝም እናት፣ 40 ብሰጥሽ ትረግሚኛለሽ» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሱ ሆንኩ። የሌለውን የለም የሚል ሻጭ ወርቅ ነው። እኔም በበኩሌ የምቀጥረውን አልቀርም፣ ዋጋ ላይ እስከ እንባ አልጨቃጨቅም፣ ጓደኞቼን እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ ቁጥሬን ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ጫማ ሲጭን ከመቶ 38ና 39 መሃል ለእኔ ብሎ ሁለት ሦስት 41 ያስገባል።

ትናንት ደወለ። «ጥቁር፣ ዝቅ ያለ ታኮ፣ ቆዳ፣ 41» አለኝ፤ እስከ ዕሁድ ያስቀምጥልኛል። ነገ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ካልሲዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።